ጓሳ ሲዘጋ፣ ጓሳ ሲከፈት

በመንዝ ደጋ ያለ አንድ የሣር ምድር ለ400 ዓመት ገደማ ተጠብቆ የኖረው የሽቦ አጥር ስለታጠረለት አይደለም። ጎረቤታሞች «አሁን አይታጨድም» ብለው ስለተስማሙ ነው። ይህ ስምምነት አንድ ጊዜ ፈርሶ ነበር፤ እንደገናም ቆሟል። ለከተማ ቤተሰብም የሚነግረው ነገር አለው።

የብርድ አገር ሰው ሣርን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ታልፎ፣ ዛፍ እንደ ልብ በማይበቅልበት፣ ውርጭ የገብስ ማሳን በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ በሚችልበት በመንዝ ደጋ ሣር ማለት ቤት ማለት ነው። «ጓሳ» በሚባለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ጣራ ይከደናል፤ ገመድ ይገመዳል፤ ጅራፍ ይሠራል። እረኛ በክረምት ከዝናብ የሚጠለልበት ጌሳም ከእሱ ነው። ጓሳ የተከደነ ጣራ ከሌላው የሣር ክዳን ይልቅ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በመንዝ አዲስ ጎጆ ሊወጣ ያሰበ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ጓሳ የሚከፈተው መቼ ነው?

ጥያቄው ራሱ ብዙ ይናገራል። አንድ ነገር «የሚከፈት» ከሆነ፣ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ ማለት ነው። የዛሬው ታሪካችን ስለዚሁ መዝጋትና መክፈት ነው።

ስሙን ከሣሩ የወሰደ ምድር

ሣሩ የሚበቅልበት ምድርም የሚጠራው በሣሩ ስም ነው። መንዝ ጓሳ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በደብረ ብርሃን በኩል ወጥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ዋናውን የደሴ መንገድ ለቆ ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገደኛ የጓሳን ከፍታ ያገኘዋል። በስተምሥራቅ ምድሩ በገደል ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። በስተምዕራብ የመንዝ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል።

ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከጓሳው ሣር ጋር አስታ፣ ጅብራና ጦስኝ በብዛት ይበቅሉበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሲሆን፣ ለአእዋፍ ተመልካቾችም የታወቀ ስፍራ ነው። የአንኮበርን ስም የያዘችውና በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማትገኘው ትንሽ ዘማሪ ወፍ ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ጓሳን ከሌሎች የዱር እንስሳት መኖሪያዎች የሚለየው ግን የሚኖርበት እንስሳ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ ማንነት ነው። ጓሳ እንደ ሰሜን ተራሮች ወይም እንደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ጠባቂው በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ነው። በአፍሪካ እስካሁን ከሚታወቁት በማኅበረሰብ የሚጠበቁ ስፍራዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ተርታ የተሰለፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቄሮ የሚባለው ሥርዓት

ጓሳን ያቆየው ሥርዓት «ቄሮ» ይባል ነበር። እዚህ ላይ ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ከሰማነው ጋር አይገናኝም፤ በመንዝ ቄሮ ማለት የጓሳ ሕግ ማለት ነበር። የአካባቢው ትውፊት የሥርዓቱን መጀመሪያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩ ሁለት አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ ጋር ያያይዘዋል። የመንዝ ጌራ ወረዳ ስምም የአንደኛውን መታሰቢያ ይዟል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከአስቦና ከጌራ ዘር የሚቆጠሩ ርስተኞች ጓሳን በጋራ ይይዛሉ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም «አባ ቄራ» ወይም «አፈሮ» ይባላል። አባ ቄራው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ጓሳ እንዲዘጋ ሲወስን፣ ማንም ሰው ሣር አያጭድም፤ ከብት አያሰማራም፤ አስታ አይለቅምም። መዝጊያው አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘልቃል። ሣሩ በደንብ እስኪያድግ ድረስ ይጠበቃል።

የመዝጊያውና የመክፈቻው ቀን ለሁሉም የሚነገረው ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ነው፦ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ላይ። የዓመቱ መዝጊያ ሐምሌ 5 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በዓል ነበር። መክፈቻው ደግሞ ሣር ከሁሉም ይልቅ በሚያስፈልግበት የበጋ ወራት ላይ ይውላል። ቀኑ ከበዓል ጋር የተያያዘ በመሆኑ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ሰበብ አልነበረውም። ማንበብ የማይችለውም፣ ከሩቅ መንደር የመጣውም ያውቀዋል።

ጥበቃው ተራ ነበረው። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራው ሲደርስ ጓሳን መዞር ነበረበት። ሕግ የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። በስርቆት በታጨደ ጓሳ የተከደነ ጎጆ እስከ መቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። የዛሬ አንባቢ ይህን ሲሰማ ይዘገንነዋል፤ ቢዘገንነውም ትክክል ነው። ከቅጣቱ ጀርባ የነበረው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፦ የሁሉንም ጣራ የሰረቀ ሰው በዚያው ጣራ ሥር ሊተኛ አይገባም።

ሥርዓቱ ፍጹም አልነበረም። መብቱ የርስተኛው ብቻ ነበር፤ ከአቅኚ አባቶቹ ዘር የማይቆጠር ሰው ጓሳን ከሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። ይህን ጉድለት ልብ እንበል፤ በኋላ ለመጣው ነገር አንዱ ምክንያት እሱ ነውና።

ባለቤት ያጣባቸው ዓመታት

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓትን አስቀረ። ለብዙ ጭሰኛና መሬት አልባ ገበሬ ይህ የፍትሕ ቀን ነበር። በመንዝም ከዚያ በፊት ድርሻ ያልነበራቸው ሰዎች የመጠቀም መብት አገኙ። ነገር ግን ርስቱ ሲቀር በርስቱ ላይ የተተከለው ቄሮም አብሮ ቀረ። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ። የመዝጊያው ቀን ቢደርስም የሚዘጋ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጓሳ የመንግሥት ነው ሲባል የማንም ሆነ። ትናንት ለሦስት ዓመት ሣሩን ሳይነካ የታገሠ ገበሬ ዛሬ ለመታገሥ ምክንያት አልነበረውም፤ እሱ ቢተወው ሌላው ያጭደዋል። ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ ለማጨድ ተሽቀዳደመ። ሣሩ ሳያድግ ታጨደ፤ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ገባ፤ አስታው ለማገዶ ተቆረጠ፤ ጠርዝ ጠርዙ ታረሰ።

ያን ጊዜ ጓሳን ያራቆቱት ሰዎች ከአያቶቻቸው የባሱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከእነዚያው መንደሮች የወጡ፣ የእነዚያው ጠባቂዎች ልጆች ነበሩ። የተለወጠው ጠባያቸው ሳይሆን ሕጋቸው ነበር። «ሌላውም እንደኔ ይታገሣል» የሚለው መተማመን ሲጠፋ፣ ታጋሽ መሆን ሞኝነት መሰለ።

እንደገና የቆመው ስምምነት

ብዙ ቦታ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። በጓሳ አላበቃም። የመንዝ ገበሬዎች ያጡትን ያውቁ ነበር። በየቤቱ አሮጌውን ሥርዓት የሚያስታውሱ አዛውንቶች ነበሩ። ክዳን የሚሆን ሣር ሲጠፋ፣ ድርቅ ሲመጣ ከብት የሚሸሽበት ሲታጣ፣ «ጓሳ እኮ ይዘጋ ነበር» የሚለው ወሬ ትዝታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ሆነ።

መልሱ ቄሮን እንዳለ መመለስ አልነበረም፤ አይቻልምም ነበር። በርስት ፋንታ በጓሳ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖረው ሕዝብ የመብቱ ባለቤት ሆነ። በአባ ቄራ ፋንታ ከየቀበሌው የተውጣጡ ሰዎች ያሉበት የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሕጉ በጽሑፍ ሰፈረ። ጥበቃው ሁላችንም ከምናውቀው ከዕድር ጋር የሚመሳሰል መልክ ያዘ፦ አባል አለ፤ ተራ አለ፤ የቀረ ይጠየቃል፤ ያጠፋ ይቀጣል። ጎጆ ማቃጠል ቀርቶ መቀጮና ክስ ተተካ። የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥበቃ ድርጅት በሥልጠናና በገንዘብ አገዘ፤ የክልሉ መንግሥትም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው።

ይህ ዕውቅና ቁም ነገር ነው። ቄሮ በአንድ አዋጅ የፈረሰው በራሱ ስምምነት እንጂ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ነው። ዛሬ ጓሳ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ የጎረቤት ስምምነት፣ ሌላው የመንግሥት ወረቀት። አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ የመንዝ ሰው በኑሮው ተምሯል።

ከዚሁ ጋር ሌላ ገቢ ታከለ። በጓሳ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ቀለል ያለ ሎጅና የድንኳን ማረፊያ አለ። ከአካባቢው ወጣቶች የተመለመሉ ስካውቶች ጥበቃውንም እንግዳ መምራቱንም ይሠራሉ። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ለአካባቢው ሲደርስ ቀበሮው ለገበሬው ባዕድ መሆኑ ይቀራል።

በሣሩ ውስጥ ያለው ሕይወት

አንድ ሣር ሲጠበቅ የሚጠበቀው ሣሩ ብቻ አይደለም። የጓሳው ረጅም ቁጥቋጥ ለአይጥና ለፍልፈል መጠለያ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚበላው እነሱን ነው። በዓለም ላይ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይኖርም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ሲሆን፣ በመንዝ የሚኖሩት ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። ጥቂት መሆናቸው ግን ዋጋቸውን አይቀንሰውም። በአንድ ቦታ በሽታ ቢገባ ዘሩ የሚተርፈው በሌላ ቦታ ያለው ሲኖር ነውና።

ቀይ ቀበሮ የቤተሰብ እንስሳ ነው። በመንጋ ይኖራል፤ ግልገሎቹንም የመንጋው አባላት ተጋግዘው ያሳድጋሉ። አድኖ ግን ብቻውን ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፦ ሥራ ለየብቻ፣ ማታ ቤት በጋራ።

ጭላዳም እንዲሁ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነቀለ የሚበላ፣ ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው፣ ማታ ማታ ወደ ገደል ወርዶ የሚያድር እንስሳ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተመራማሪዎች በጓሳ ያሉ የጭላዳ መንጋዎችን ከዓመት ዓመት ሲከታተሉ ቆይተዋል። በዚህ ሥራ መካከል ያስተዋሉት አንድ ነገር የዓለምን ትኩረት ስቧል።

ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሀል ቀስ ብሎ ይመላለሳል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ምክንያቱን በቁጥር አሳየ፦ ቀበሮ በጭላዳ መሀል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ሊያስወጧቸው ወይም ቀበሮውን ሊሰውሩት ይችላሉ። ሊያድነው የሚችለውን ግልገል እያየ ዝም ብሎ ማለፍ ለቀበሮ ቀላል ነገር አይደለም። እሱም በራሱ መንገድ ዛሬ ባለመንካት ነገን ያተርፋል ማለት ነው።

ውኃ ከሣር ይወለዳል

ጓሳን በቴሌቪዥን እንኳ አይቶ ለማያውቅ ሰው ዋናው ጥቅሙ ውኃ ነው። ጓሳ የሚገኘው በሁለት ትልልቅ ተፋሰሶች መለያ ላይ ነው። በአንድ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል የወረደው ወደ አዋሽ። ከሃያ በላይ ወንዞችና ጅረቶች ከዚህ ከፍታ ይነሳሉ።

አሠራሩ እንደ ስፖንጅ ነው። ጥቅጥቅ ያለው የጓሳ ቁጥቋጥ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ ጉሙንም በቅጠሉ ላይ ያስቀራል። ከሥሩ ያለው ጥቁርና ለስላሳ አፈር ውኃውን ይመጥና ቀስ እያለ ወደ ታች ይለቅቀዋል። በየሸለቆው ያሉት ረግረጋማ ሜዳዎችም የክረምቱን ውኃ ለበጋ ያቆያሉ። ስለዚህ መጋቢት ላይ በቆላው ያለች ምንጭ ያልደረቀችው ሐምሌ ላይ ደጋው ሣር ለብሶ ስለነበረ ነው። ሣሩ ሲነሳ ያው ዝናብ ጎርፍ ይሆናል፤ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ ምንም አይተርፍም።

ስለዚህ ጓሳን የሚጠብቀው ገበሬ የሚጠብቀው የራሱን ጣራ ብቻ አይደለም፤ ፊታቸውን አይቶ ለማያውቃቸው ሰዎች ውኃ ይጠብቃል። ይህን ሥራ የሚሠራበት ደመወዝ ማንም አልቆረጠለትም።

ፈተናው አላለቀም

የጓሳን ታሪክ እንደ ተረት «በደስታ ኖሩ» ብሎ መጨረስ ልክ አይሆንም። ፈተናው ብዙ ነው፤ አንዳንዱም የሚመጣው ከመልካም ነገር ነው።

ቆርቆሮን እንውሰድ። ዛሬ አቅም ያገኘ ገበሬ ቤቱን የሚከድነው በቆርቆሮ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን ጓሳ ለአራት ምዕተ ዓመት የተጠበቀው ስለሚያስፈልግ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ገመዱ ናይለን፣ የዝናብ ልብሱ ላስቲክ ሲሆን፣ አንድ ወጣት «ለምንድን ነው የምንጠብቀው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እንደ አያቱ ዘመን ቀላል አይሆንም። የእንግዳ ገቢ፣ የድርቅ ጊዜ ግጦሽና የውኃው ነገር የድሮውን መልስ መተካት አለባቸው።

የመሬት ጥበትም አለ። ቤተሰብ ሲበዛ ማሳ ይከፋፈላል፤ ጎጆ ሊወጣ ያሰበ ወጣት የጓሳን ጠርዝ ቢመኝ አይፈረድበትም። ውሻም አለ። በጎችን የሚጠብቀው ውሻ ክትባት ካላገኘ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮው ያሻግራል። በባሌ ይህ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል። በሽታው ለሕፃናትም አደገኛ በመሆኑ ውሻ ማስከተብ ቀበሮንም ልጅንም ማዳን ነው።

በቅርብ ዓመታት በአካባቢው የነበረው የጸጥታ ችግርም የራሱ ጫና አለው። እንግዳ ሲቀር ገቢው ይቀራል። ለጥበቃ የሚከፈለው ገንዘብ በእንግዳ ላይ ብቻ ቢመሠረት ኖሮ ጓሳ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ገንዘብ በጠፋበት ጊዜ የሚቀረው ያው የድሮው ሀብት ነው፦ ተራ ጠባቂነት፣ ሽምግልናና ይሉኝታ።

ለኛ ሰፈር ምን ይላል?

ሥነ ምህዳር አጥኚው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ፣ የጋራ የሆነ ነገር በመጨረሻ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ተከራከረ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ስፔን የመስኖ ቦዮች ያሉ ምሳሌዎችን አጥንታ፣ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የጓሳ ታሪክ ሁለቱንም ያስታርቃል። ሃርዲን የፈራው ነገር በጓሳ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ሣሩ የጋራ ስለሆነ ሳይሆን የጋራ ሕጉ ስለፈረሰ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቦታ አለች፦ በሕንፃዎቹ መሀል ለአረንጓዴ ስፍራ የተተወችው። በመጀመሪያው ዓመት ሣር ነበራት። ከዚያ አንዱ መኪና አቆመባት፤ ሌላው የግንባታ ፍርስራሽ ደፋባት፤ ሦስተኛው «እኔ ብተው ማን ይተዋል?» አለ። ይህ በትንሹ የመንዝ የ1967 ማግስት ነው። ከቤቱ ጀርባ የሚያልፈው ወንዝም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጋር ችግኝ ተክለናል። ቀኑ ያስደስታል፤ ፎቶውም ያምራል። የጓሳ ትምህርት የሚጀምረው ግን ከማግስቱ ነው። ጓሳን ማንም አልተከለውም፤ ያኖረው ጥበቃው ነው። የመንዝ ሰዎች ያወቁትን ለአንድ ግቢ ወይም ለአንድ ሰፈር ስንመነዝረው እንዲህ ይሆናል፦

ድንበሩ ይታወቅ። «ይህች ሜዳ ከዚህ እስከዚያ የኛ ናት» ተብሎ በጋራ ካልተወሰነ ማንም አይጠብቃትም።

ባለመብቱ ሁሉም ይሁን። ቄሮን ካዳከሙት ነገሮች አንዱ ከደጅ ያስቀረው ሰው መኖሩ ነው። ተከራዩንም፣ የጥበቃ ሠራተኛውንም፣ ልጆቹንም ያላካተተ ሕግ ጠባቂ ያጣል።

የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ይኑረው። «ሣር አትርገጡ» ብሎ ለዘላለም መከልከል አይሠራም። «እስከ መስከረም ዝግ ነው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ልጆች ይጫወቱበታል» ማለት ግን ይሠራል። ሰው የሚታገሠው ፍጻሜውን ሲያውቅ ነው።

ተራ ይኑር። ውኃ ማጠጣት የአንዲት ደግ ጎረቤት ሸክም ከሆነ፣ እሷ ቤት የቀየረች ቀን ችግኙም ይደርቃል።

ቅጣቱ ትንሽ፣ ግን የማይቀር ይሁን። በዕድራችን የቀረ ሰው መቀጮ እንደሚከፍል ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይቀየምም። ዕድሩ ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር መግዛት ከቻለ፣ በዓመት አንድ ቀን ስለ ሰፈሩ ወንዝ መነጋገር አያቅተውም።

ከቤተሰብ ጋር ለመሄድ ካሰባችሁ

ከሁሉ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ አጣሩ። ሁኔታው ሲፈቅድ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሉት ደረቅ ወራት ይመረጣሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጉም ይበዛባቸዋል።

ሌሊቱ በጣም ይበርዳል፤ ኮፍያ፣ ጓንትና ወፍራም ጃኬት ለልጆች ግድ ነው። ሎጁ ቀላል በመሆኑ ምግባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታው ራስ ምታት ሊያመጣ ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን ልጆችን አታሯሩጡ፤ ውኃም በብዛት ይጠጡ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ከአካባቢው ስካውት ጋር ሂዱ፤ እንስሳቱ የት እንደሚውሉ እሱ ያውቃል። ውሻችሁን ቤት ተዉት። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል። ቆሻሻችሁን መልሳችሁ አምጡ። ከቻላችሁም ከመሐል ሜዳ ገበያ የመንዝ በግ ሱፍ ባና ግዙ፤ ገንዘቡ ሣሩን ለሚጠብቀው ቤት ይደርሳል።

እዚያ ስትደርሱ የማጨጃው ጊዜ ካልሆነ ሣሩ እስከ ጉልበት ቆሞ ታገኙታላችሁ። ልጆቻችሁ «ለምን ማንም አያጭደውም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ለስካውቱ ተዉለት። እሱ ከአያቱ የሰማው ነው።